ሮዙ ውሃ

የኦርቪል ክላሰን ሬሳ የተገኘው በመከር ማብቂያ ሰኞ በሚከበረው የምስጋና ቀን ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያገኘችው የሎን ሐይቅ ካምፕ ኃላፊ ግሌንዳ ናት። ካምፑ ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ውሃውን ዘግቶ ለክረምቱ ተሰናብቷል። እሷ ማን ሄደ ማን ቀረ ብላ በየመቆሚያው ስትዞር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ የክላሰኖች ሞተርሆም እንደቆመ ነበር። አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን ተሸክሞ የሚዞር፣ አውቶቡስ የሚያህል መኪና ነው። ኦርቪል ከኋላ በኩል፣ በዕቃ ማስገቢያዋ በር ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ጀርባው ላይ ውርጭ ተጋግሯል። አጠገቡ በአየር ግፊት ከቧንቧ ውሃ የሚያስወጣ ኮምፕረሰር፣ ከኮምፕረሰሩ ወዲህ ደግሞ ደም የነካው የጎማ መፍቻ ወድቋል።

«መጀመሪያ ምኑን እንዳየሁ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ግሌንዳ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «ኮምፕረሰሩን! ቱቦው አልተሰካም። ውይ፣ ውሃውን ሳያስወጣ አድሮ ቧንቧው ሁሉ ፈነዳ ብዬ ክው አልኩ። ሰውየውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

አልፈረድኩባትም። በእኛ አገር በምስጋና ቀን ሰሞን ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ውሃ ነው። ከባዱ ውርጭ ሳይመጣ ከየቧንቧው ካልወጣ በረዶ ይሆንና ይሰነጥቀዋል፤ ጉዱ የሚታየው ግን በሚያዝያ ነው። ሰኞ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ዲግሪ ደርሷል። የራሴ ትንሽ ካራቫን እንኳ ሆዷ ውሃ እንደሞላ ጓሮዬ ቆማለች፤ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አባብዬያት ነው የመጣሁት። ሬሳ አጠገብ ቆሜ ስለ ቧንቧዬ ማሰቤ ራሴን አናደደኝ፤ ማሰቤን ግን አልተውኩም።

ሮንዳ ባቢች እባላለሁ። ወንጀል ስመረምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥን ግን እስካሁን አለመድኩም። የአሻራ ሰዎቹ ውጭ ሲንበረከኩ እኔ «ምንም አትንኪ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ፍራሹ አየር እንዲያገኝ ተገትሯል። የፍሪጁ በር እንዳይሻግት በተጠቀለለ ፎጣ ገርበብ ተደርጓል። ጋዙ ተዘግቷል። ቤቱ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። ሁሉንም ጻፍኩ፤ አንዱም ምንም አልነገረኝም።

እኩለ ቀን ሳይደርስ አለቃዬ ስታን ኦልሰን ነፍሰ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል።

«ዱዌይን ፒኬት» አለኝ። «ጎረቤቱ ነው፣ አሥራ ስምንት ቁጥር። ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ካምፑ ሁሉ እየሰማ ተሰዳድበዋል። መፍቻው ላይ ያለው አሻራ የሱ ነው። በወጣትነቱም በድብድብ ተከሷል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሰውየውን ማነጋገር።»

«አነጋግሪያ! ሐሙስ ጠዋት ግን ክሱን እፈርማለሁ።»

*

ዱዌይን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የእህል ጎተራ ውስጥ ይሠራል። በጣቢያችን የምርመራ ክፍል ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ሁለታችንም ስንመላለስ ክፍሏ ጠበበችን።

«መፍቻውን እሁድ ተውሼው ነበር፤ የተጎታቼ ጎማ ላልቶብኝ። ያን ቀን ማታ መለስኩለት።»

«ጸቡስ?»

«መኪናውን መውጫዬ ላይ ገትሮ አላንቀሳቅስም አለኝ። ቀስ ብለህ ብትሄድ ምን ይቀርብሃል፣ ማን ይጠብቅሃል አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈላ! የሚጠብቀኝ ሰው አለ አልኩት። ከዚያ አንቀሳቀሰልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ።»

«ማን ነው የሚጠብቅህ?»

ቆመ። «ልጄ ናት፤ ብሪን። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አያቷ ጋር ናት። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ዳኛው ከኔ ጋር ትኑር አትኑር ይወስናል። ማክሰኞ ማክሰኞ ልጠይቃት እሄድ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ኢንስፔክተር።» እንደገና መመላለስ ጀመረ። «ሐሙስ እዚያ ካልቆምኩ አለቀልኝ። ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ከቆምኩማ ባልቆም ይሻለኛል።»

ያመንኩት ወዲያው ነው ብል እዋሻለሁ። ግን ስወጣ ሰዓቴን አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ሰዓቴን ማየት አላቆምኩም።

*

የሟች ሚስት ቨርና ክላሰን ከተማ ውስጥ ባለ ቤቷ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በልጅነቴ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዬ ስለነበረች ከ«እትዬ» ሌላ ከአፌ አይወጣም።

«ቀስ ብለሽ ጠይቂኝ፣ ልጄ» አለች፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ፊቴን ፈለገችው።

«ሰኞ ከካምፑ መቼ ወጡ፣ እትዬ?»

«ምሳ በልተን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። የራሴን ትንሿን መኪና ይዤ። ለማታው የቤተ ክርስቲያን ግብዣ የዱባ ፓይ እጋግራለሁ ብዬ ነበር፤ እዚሁ ቤቴ ጋገርኩና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሽ ደረስኩ። ኦርቪል ጨርሼ እመጣለሁ ብሎ ሳይመጣ ሲቀር፣ ያው ልማዱ ነው፣ እዚያው ያድራል ብዬ ተኛሁ።»

የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች ጠይቄያለሁ፤ ፓይ የምንላቸው የዱባ ኬኮቿ ሲደርሱ ትኩስ ነበሩ። ለስንብት ያህል፣ «ሞተርሆሙ ውሃው አልወጣለትም፤ የአሻራ ሰዎች ሲጨርሱ ሰው ልኬ ላስወጣልዎት?» አልኳት።

«አይ፣ ተይው» አለች። «እኔ ስለ ቧንቧ ምን አውቃለሁ? የወንድ ሥራ ነው። የኔ ብርድ ልብስ ማጠፍ ነበር።»

ሐዘን ላይ ያለች ሴት ናትና ነገሩን አልፌው ሄድኩ። ሞኝነቴ!

*

ኦርቪል ወንድም አለው፤ ሎርን ይባላል። ሞተርሆሙን አብረው ነው የገዙት። ከአራት ዓመት በፊት ግን ለእረፍት መኪናውን ማን ይውሰድ በሚል ተራ ተጣልተው ሎርን ድርሻውን ጥሎ ወጣ። ግሌንዳ ሰኞ ከሰዓት ካምፑ ውስጥ አይታዋለች። ይህንን ስሰማ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ኩርፊያውም አለ፣ መኪናውንም ያውቀዋል፣ በቦታውም ነበር። መኪናዬን አስነስቼ ሎርን የሚሠራበት ጋራዥ ደጃፍ ድረስ በረርኩ።

«አዎ ሄጄ ነበር» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ። የምስጋና ቀን ነው፣ ሽማግሌ ሆነናል፣ ይበቃል፣ ልታረቅ ብዬ። በሩን አንኳኳሁ፤ አልከፈተም።»

«ከኋላ በኩል አልዞርክም?»

«ምን ልሠራ? ውስጥ ነበራ! ፓምፑ ሲሠራ ሰምቻለሁ። ግርርር ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ግርርር። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነብኝ። በሩን በእርግጫ መትቼ ሄድኩ። የግብዣው አዳራሽ ገብቼም ስሰድበው አመሸሁ።» ጨርቁን ጨበጠው። «ሞቶ ነበር ለካ፣ ሮንዳ። የሞተ ሰው ነው ለካ የሰደብኩት።»

«ኮምፕረሰሩ ይሆናል የሰማኸው።»

«ኮምፕረሰርማ ጆሮ ያደነቁራል። የውሃ ፓምፑን ነው የምልሽ። ራሴ የገጠምኩትን ፓምፕ አጣዋለሁ እንዴ?»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ግን ረቡዕ ጠዋት ደውሎ ኦርቪል ምሳውን ከበላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሞቷል አለ፤ ቢዘገይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሬሳው ውጭ፣ ፓምፑ የሚሠራው ውስጥ።

«እንግዲያው ሎርን ይዋሻል» አለ ኦልሰን። «ወይም ጆሮው ጃጅቷል።»

«ወይም ሌላ ሰው ውስጥ ነበር።»

«ውስጥ ምን ሊሠራ? ገላውን ሊታጠብ?»

ቁጭ ብዬ ላስብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ተነሥቼ እንደገና ወደ ሐይቁ ነዳሁ። ሰማዩ ግራጫ ሆኗል፤ በረዶ የሚያዘንብ ይመስላል።

*

የአሻራ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ነበርና አሁን መንካት ይፈቀድልኛል። ግሌንዳን አስከትዬ ገባሁ። የፈነዳ ቧንቧ፣ ወለል ላይ የረጋ በረዶ እጠብቅ ነበር። ወለሉ ደረቅ ነው። ፓምፑን አብርቼ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ።

ግርርር አለ። ከዚያ ቧንቧው ተንተፋተፈና ሮዝ ፈሳሽ ተፋ፤ የልጆች ሽሮፕ የሚመስል።

«አንቲፍሪዝ!» አለች ግሌንዳ። በውሃ ፋንታ ቧንቧ ውስጥ የሚጨመር፣ በውርጭ የማይረጋ ፈሳሽ ነው። «አይሆንም! ኦርቪል?»

«ምን አለበት? ግማሹ ካምፕ ሮዙን አይደል የሚያስገባው?»

«ግማሹ ካምፕ አዎ። ኦርቪል ግን ቢገድሉትም! አንድ ጸደይ ሻዩ አንቲፍሪዝ አንቲፍሪዝ አለው፤ ከዚያ ወዲህ በአየር ብቻ ነው የሚያስወጣው። ሮዝ የሚያስገባ ሰው ሲያይ ‹ሽቶ ትቀባለህ እንዴ?› እያለ ነው የሚያሾፍበት።» ትንሽ አሰበችና ግንባሯን መታች። «ኧረ ቆይ! ከመጋዘኔ ሁለት ጀሪካን ጎድሎብኛል፤ የወሰደ ይናገራል ብዬ ትቼው ነበር።»

የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ሮዝ። ገላ መታጠቢያው፣ ሮዝ። ሽንት ቤቱ፣ ሮዝ። የሙቁም የቀዝቃዛውም አንድ በአንድ ተከፍተው ተዘግተዋል። ሎርን የሰማው ይኼን ነው፤ ግርርር፣ ያርፋል፣ ግርርር። እጄ ላይ ያለው ሮዝ ፈሳሽ ቀዘቀዘኝ። አንድ ሰው ኦርቪልን ገድሎ፣ ሬሳውን ውጭ ትቶ፣ ውርጭ እየመጣ ነው ብሎ ቧንቧውን አድኗል። እኛ አገር ሰው ይገድላል እንጂ ቧንቧ አያፈነዳም!

«ሁለት ጀሪካን ይበቃል?» አልኳት።

«ውሃ ማሞቂያው ቦይለር ካልጠጣው ይበቃል። ቦይለሩ ብቻውን ሃያ ሁለት ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ ጀሪካን ስምንት ሊትር አይሞሉም። ውሃው ቦይለሩን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቫልቭ አለ። እሱን ካላዞርሽ ሮዙ እዚያው ይቀራል እንጂ ጠብታ እዚህ አይደርስም።»

ሎርንን በስልክ አገኘሁት። «የቦይለሩ ቫልቭ የት ነው?»

«ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ትንሿ ክዳን ውስጥ። ምነው?»

ክዳኗን ከፈትኩ። የተቆረጠ አሮጌ ቱቦ ብቻ ነው ያለው። ግሌንዳ ተንበርክካ ስትፈላልግ ቆይታ ከአልጋው ሥር፣ ከሁለት ሳንቃ ጀርባ አገኘችው። ተዙሯል።

«መቼ አዛወረው?» አልኳት።

«አምና ወይ ካቻምና ይሆናል። ለእኔም አልነገረኝ። ማንንም አያስነካም ነበር።»

«ብቻውን ነው የሚሠራው?»

«ብቻውን። ማለቴ፣ ቨርና ባትሪ ትይዝለት ነበር እንጂ፣ ብቻውን።»

ያለችውን ራሷ ለምን እንዳልሰማችው አላውቅም፤ እኔ ግን ሰማሁት። አባቴ ትራክተር ሲጠግን ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ባትሪ የሚይዝ ሰው ሥራ አይሠራም ይባላል። ዓይኑ ግን ሁልጊዜ ሠሪው እጅ ላይ ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ ከተዛነፈ ይሰደባላ! እስካሁን ያንን ትራክተር ጨለማ ውስጥ ፈትቼ መግጠም እችላለሁ፤ አንድም ብሎን ግን ነክቼ አላውቅም።

ከዚያ የምድጃውን በር ከፍቼ አፍንጫዬን አስገባሁ። የቀረፋው ሽታ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ የዱባ ፓይ ደግሞ ያለ ቀረፋ አይጋገርም።

*

«ሮዝ ውሃና የኬክ ሽታ ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ ኦልሰን በስልክ። «ዱዌይን ገደለው፤ ሌላ ሰው መጥቶ ቧንቧውን አጸዳ። አይሆንም?»

«ሬሳ አይቶ ፖሊስ ሳይጠራ ቧንቧ የሚያጸዳ ሰው?»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲወረውር ሰማሁ። ከዚያ፣ «ነገ ሁለት ሰዓት» አለኝ። «ከዚያ አላልፍም።»

የቨርና ቤት ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አሁንም መስኮቱ ጋ ናት። ሳልቀመጥ ጠየቅኳት።

«እትዬ ቨርና፣ ፓይውን የጋገሩት የት ነው?»

«ነግሬሽ የለም እንዴ? እዚሁ።»

«ሞተርሆሙ ምድጃ ቀረፋ ይሸታል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሎርን ሲያንኳኳ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ሮዙን በየቧንቧው ይሰድ ነበር። ያ ሰው ከአልጋው ሥር ያለውን ቫልቭ ያውቃል።»

«እኔ ስለ ቧንቧ...»

«ባትሪውን ማን ነበር የሚይዝለት?»

እጇን አየችው። እኔ ቆሜ ነበር፤ መጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ።

«ተቀመጪ እስቲ፣ ታዞሪኛለሽ» አለች በመጨረሻ። «ሃያ ስድስት ዓመት ያዝኩለት። ‹ከፍ አድርጊ፣ ዝቅ አድርጊ፣ የት ነው የምታዪው?› እያለ። ውሃው ሲወጣ ሌላ ክረምት እዚህ ቤት ተዘግተን እንከርማለን ማለት ነው። በየዓመቱ እለው ነበር፤ ዘንድሮ መኪናውን አንዝጋው፣ ወደ ደቡብ እንንዳው፣ ባሕር አሳየኝ። ‹ለከርሞ› ይለኛል። በነሐሴ ሐኪሙ ዓይንሽ እስከ ጸደይ ነው አለኝ። ከዚያ በኋላ ጭጋግ ነው፣ ልጄ።»

«ነግረውት ነበር?»

«ሰኞ ነገርኩት። ልብሴን ሁሉ ሞተርሆሙ ውስጥ ደርድሬ፣ ፓይ ምድጃ ውስጥ ከትቼ፣ ደስ እያለኝ ወጣሁና ነገርኩት። በዚያች የዕቃ በር አንገቱን አስገብቶ ነበር። ለከርሞ ዓይን የለኝም፣ ኦርቪል አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለዎት?»

«‹ባትሪውን ከፍ አድርጊ።›»

የግድግዳው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማኛል። አዘንኩላት፤ ይህን አልደብቅም።

«መፍቻው እግሬ ሥር ነበር» አለች። «ጓንት አድርጌ ነበር፤ ብርድ ስለሆነ እንጂ ለሌላ አይደለም።»

«ከዚያ በኋላ ለምን ቧንቧውን?»

የምጠይቀው ነገር የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ አየችኝ። «ይፈነዳ ነበራ! ሬዲዮው ከዜሮ በታች ዘጠኝ ይወርዳል ብሏል። ኮምፕረሰሩ ደግሞ እሱ አጠገብ ነው፤ ወደዚያ ተመልሼ መሄድ አልቻልኩም። መኪናዬን መጋዘኑ ጋ አቁሜ ሮዙን ከዚያ አመጣሁ። ልብሴን አወጣሁ፣ ፍሪጁን ገርበብ አደረግኩ፣ ፍራሹን አቆምኩ። እጄ ራሱ ነው የሠራው።»

«ዱዌይን መታሰሩን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ነገ ልጁን ሊያጣ እንደሆነስ?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። «እሱንም ሰምቻለሁ።»

ያኔ ሐዘኔ ወደ ንዴት ተለወጠ። «እና ዝም አሉ?»

«ትንሽ ቀን ፈልጌ ነበር» አለች። «ሜዳውን እያየሁ ልቀመጥ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እናገራለሁ አልኩ።»

«ለከርሞ» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ፤ እሷን ያመማት ያ ብቻ ይመስለኛል፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

*

ኦልሰን የዱዌይንን መልቀቂያ ወረቀት የፈረመው ሐሙስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዱዌይንም አልጠበቀም። ፍርድ ቤቱ ያለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው፤ የዱዌይን መኪና ደግሞ አሁንም የፖሊስ ግቢ ውስጥ ተቆልፎበታል። «ግባ» አልኩት፤ ገባ። መንገዱ ላይ የመጀመሪያው በረዶ መውደቅ ጀምሯል። ስልኬን ሰጠሁት።

የብሪን አያት ናት ያነሣችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። «ተለቅቄያለሁ፤ ኢንስፔክተሯ አጠገቤ ናት፤ ልጄን አገናኙኝ» ሲል ግን ሰማሁ። ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው።

«አባዬ?»

«አቤት፣ ብሪንዬ።»

«አያቴ ሰው ገድሏል አለችኝ።»

«አልገደልኩም። ሌላ ሰው ነው፤ ተገኘ። አንቺ ምን አልሻት?»

«ምንም» አለች። «ማክሰኞ ስጠብቅህ አልመጣህማ።»

ዱዌይን አፉን በመዳፉ ያዘ። መሪውን እስኪያመኝ ጨብጬ ነዳጁን ረገጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስሮጥ የነበረው ለዚህ እንደሆነ፣ ደግሞም ለማክሰኞው እንዳልደረስኩ ያኔ ገባኝ።

«አሁን እየመጣሁ ነው» አላት።

«የት ደርሰሃል?»

በመስኮቱ አየ። «ድልድዩ ጋ።»

«አሁንስ?»

«የነዳጅ ማደያውን አለፍን።»

«አሁንስ?»

ስልኩን እንዲዘጋው አልፈለገችም፤ እሱም አልዘጋውም። ያለፍነውን ሁሉ ጎተራውን፣ ሐዲዱን፣ የመቃብሩን አጥር፣ ትምህርት ቤቷን አንድ በአንድ ነገራት። ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ወደ ፍርድ ቤቱ መንገድ ታጠፍኩ። ደረጃው ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በረዶው ፀጉሯ ላይ እየወረደ በሚያልፈው መኪና ሁሉ ውስጥ ታጮልቃለች።

መኪናዬ ሳይቆም ዱዌይን በሩን ከፈተ።

«አየሁህ!» አለች ብሪን። ድምፅዋ በስልኩ በኩል ደግሞ እስኪደርስ ድረስ እሱ ደረጃው ጋ ደርሶ ነበር።